ሰኞ እስኪነጋ

ደብረ ብርሃን በማስተምርበት ዘመን አንድ ክፍል ቤት ተጋርተን የምንኖር ጓደኛ ነበረኝ። እሱ የሂሳብ፣ እኔ የአማርኛ መምህር ነበርን። ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅበት ከተማ ስለነበር፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍረን አዲስ አበባ እንወርድና ፒያሳ ስንዞር ቆይተን እሁድ ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን። ማረፊያችን ዶሮ ማነቂያ ያለችው የአክስቴ ቤት ናት። እዚያ ሻንጣችንን ወርውረን፣ ሸሚዝ ቀይረን፣ ጫማችንን አስጠርገን የሹም ልጆች መስለን እንወጣለን። ጓደኛዬ ቀልደኛ ነው። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «የኔታ» ነበር የሚለኝ፣ ያውም ተማሪዎቼ በሚሰሙበት። እኔም አልተውለትም። ስንሰዳደብ የሚሰማን ሰው ተጣልተው ነው ብሎ ሊያስታርቀን ይመጣል።

የማወራው ከፋሲካ በኋላ ስለነበረው አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነበር። ይህን የምለው ለማመካኘት ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ግን እንደዚያ ለመፍራት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደረስን። ጓደኛዬ ጸጉሩን ሊስተካከል ገባ፤ ወረፋው ረጅም ስለነበር እኔ ካልሲ ልግዛ ብዬ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድኩ። ከድልድዩ አጠገብ የጓደኛዬ አጎት ሱቅ አላቸው፤ የእናቱ ወንድም ናቸው። ሳሙና፣ ሻማ፣ ጨው፣ በርበሬ ይሸጣሉ። ወትሮ ሲያዩኝ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው «ሌላኛው ሥራ ፈት የት ሄደ?» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ግን ዝም ብለው አዩኝ፤ ለአንዲት ሴት ሻማ ጠቅልለው ሰጥተው እስክትወጣ ጠበቁና በክንዴ ይዘው ጆንያ ወደሞላበት ጓዳ አስገቡኝ። እሱ የት እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«እኅቴ ዛሬ ሌሊት አረፈች» አሉ።

ነገሩ ቶሎ አልገባኝም። እኅታቸው ማለት የጓደኛዬ እናት ናቸው። ፍቼ ነው የሚኖሩት። በየጊዜው ጭኮ በቆርቆሮ አሽገው በሹፌር እጅ ይልኩልን ነበር፤ «ለሁለታችሁ» ብለው ስለሚልኩ እኩል ነበር የምንካፈለው። አጎትየው የነገሩኝ ባጭሩ ነው። የታመሙት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ለጎረቤት ነጋዴ በስልክ ተነግሮ ነው የሰሙት። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው፤ መኪና ተይዟል፤ ዘመድ ሁሉ ነገ ማለዳ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ሰው ሊልኩ ሲሉ እኔን አዩኝ።

እንደምንም ደፍሬ፣ አሁን ቢነገረውና ለቀብሩ ቢደርስ አይሻልም ወይ አልኳቸው።

«ማን ይዞት?» አሉኝ። «ዘመዱም የነፍስ አባቱም ነገ ፍቼ ናቸው። እንዲሁ መንገድ ላይ ይነገረው? አንድ ለእናቱ ነው ልጄ፤ ደንግጦ አንድ ነገር ቢሆን ምን ይዋጠኛል? ሰኞ ማለዳ እኔ ቤት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በወጉ ይረዳል። እስከዚያ ምንም ሳይሰማ አንተ ዘንድ ይቆይ። አደራ።»

አደራ ካሉኝ በኋላ ምን እላለሁ? እሺ አልኩ። ለእሳቸውም አዝኜ ነበር። ገና እኅታቸውን አልቀበሩም፤ ሱቁን ቢዘጉ ወሬው ይወጣል ብለው ሻማ ይሸጣሉ።

ጓደኛዬ የተቆረጠ ጸጉሩን ከአንገቱ እያራገፈ፣ ሽቶ እየሸተተ ከች ያለው ይኼኔ ነው። እኛን ከጓዳ ስንወጣ አየን። አጎቱን ሳማቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«በርበሬው ነው» አሉት።

ከዚያ ለአንድ ጉዳይ ወጣ እንደሚሉ፣ እሁድ ማታ እንደሚመለሱ፣ ሰኞም ሳያዩት ወደ ደብረ ብርሃን እንዳይሄድ ነገሩት። ትምህርት ቤቱን ቢያነሣባቸው ለዳይሬክተሩ እንደሚያስደውሉ ነገሩት። ጓደኛዬ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየና ፈገግ አለ። ገና ከሱቁ ሳንርቅ በክርኑ ጎሸመኝ።

«ጥሎሹ ስንት ተባለ?» አለኝ።

ዓመቱን ሙሉ እናቱ ሚስት አግባ እያሉ ሲወተውቱት ከርመዋል። ለገና ጠይቋቸው ሲመለስም፣ ከአጎቱ ሰፈር አንዲት ልጅ መስማታቸውን ነግረውት ነበር። ጊዜው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በየመንደሩ ዳስ የሚጣልበት ወቅት። አጎቱ ከእኔ ጋር ጓዳ ገብተው ሲንሾካሾኩ ሲያይ፣ ሰኞ እንዳትሄድ ሲሉት፣ ልቡ ሌላ ምን ይበል? ሚስት ሊያጩልኝ ነው ብሎ ደመደመ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ያጋጠመን ነገር ሁሉ ለእሱ የሠርግ ምልክት ሆነለት። ወደ ፒያሳ ስንወጣ የአጎቱ ጎረቤት የሆኑ አንዲት ሴትዮ መንገድ ላይ አገኙን። ወሬውን ሰምተዋል። ሁለት ጉንጮቹን ይዘው ደጋግመው ሳሙት፤ ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ዓይኔን መለስኩ። ከዚያ ፈጥነው ጥለውን ሄዱ። እሱ ዘወር ብሎ እያያቸው፣ «አማቴ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እንዲህ የሚወዱኝ ከሆነ ልጅቱ አታምርም ማለት ነው» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከልቤ እስቅ ነበር። ያን ቀን ፊቴ ብቻ ነው የሳቀው።

የግሪኩ ኬክ ቤት ገብተን ሁለት ሚልፎኒ አዘዝን። የእኔን ወደ እሱ ገፋሁለት። ማኪያቶውን እየጠጣ በዓይኑ መረመረኝ። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ስድብ እንዳልመለስኩለት፣ በር እየከፈትኩ እንደማሳልፈው፣ የጥላውን በኩል እንደተውኩለት አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ወይ ታምሜአለሁ፣ ወይ ሚዜ ልሁን ብዬ ደጅ እየጠናሁ ነው አለ። ልሰድበው ሞከርኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ ስድብ ሁሉ ወይ እናት አለበት፣ ወይ ሞት አለበት። ይህን ያህል ጊዜ ስንሰዳደብ ስድባችን ሁሉ ከሁለቱ የተሠራ መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

በአሥር ሰዓት ሲኒማ ገባን። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከፈረስ እየወደቀ ተመልሶ የሚወጣበት ፊልም ነበር። ጓደኛዬ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ትከሻዬን እየደበደበ ሳቀ። እኔ በጨለማው ውስጥ የማስበው ፍቼን ነው። ገንዘው አጋድመዋቸዋል፤ ለቀስተኛው ልጃቸው የት እንዳለ ይጠይቃል፤ አንድ ሰው አልተረዳም ይላል። በዚያች ሰዓት ያልተረዳው ልጃቸው ጉልበቱን ይዞ ይስቃል። ተነሥቼ ልውጣ አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ለአክስቴ ማታ ቤት ስንገባ በጆሮዋ ነገርኳት። ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ አለቀሰች። ስትወጣ ወጥ ጨመረችለት፤ ደግማም ጨመረችለት። እሱም አክስቴ ምስጢሩን እንደምታውቅ ገባውና ጠቀሰኝ።

እሁድ ጎሕ ሲቀድ ኮሽታ ሰምቼ ነቃሁ። ለባብሶ የጫማውን ክር ያስራል።

«ፍቼ ደርሼ ልምጣ» አለኝ። «ሁላችሁም አውቃችሁ እኔ ብቻ እንደ ሞኝ ልቀር? ራሷን እጠይቃታለሁ። አውቶቡሱ በአንድ ሰዓት ይነሣል፤ አምስት ሰዓት ሳይሆን እደርሳለሁ።»

አምስት ሰዓት ሳይሆን ይደርሳል። ቀብሩ ደግሞ በስድስት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሺህ ጊዜ ያሰብኩት ይህን ነው። አደራውን እንዳፈርስ የጠየቀኝ አልነበረም። መናገር አይጠበቅብኝም ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው «በሰላም ግባ» ብለው ይበቃ ነበር። አውቶቡሱ ያደርሰዋል፤ እንደወረደ ጩኸቱን ይሰማል፤ ክፉ አሰማም ነው፣ ግን ይደርሳል። በፈራሁ ጊዜ የታየኝ ብቻውን ፍቼ መንገድ ላይ ሲወድቅ ነው፤ አጎቱ አደራዬን ምን አደረግኸው ሲሉኝም ታየኝ። እውነቱን ለመናገር የኋለኛው ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ብርድ ልብሴን ገልጬ ተቀመጥኩ።

«አትሂድ» አልኩት። «እናትህ ራሳቸው ነገ ይመጣሉ።»

ይህን ውሸት ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። አክስቴም ከመጋረጃው ወዲያ ሰምታ ኖሮ፣ «አዎ ልጄ፣ ይመጣሉ» አለችው። ምስኪን፣ ልትረዳኝ ብላ ነው።

«እሷ? አዲስ አበባ?» አለ። አልጋው ላይ ተቀመጠና ያሰረውን ክር ፈታ።

እናቱ አዲስ አበባን አይተው አያውቁም ነበር። መኪና ይፈራሉ፤ የከተማ ሰው ሰላምታ አይሰጥም ይላሉ። ስንት ጊዜ ነይ ልውሰድሽ ብሏቸው እምቢ ብለውታል። እሁድን የዋልነው እንግዲህ እሳቸውን ሲጠብቅ ነው። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ስንወጣ ዳገቱን ቁልቁል አየና፣ ይህን አትችለውም፣ ጋሪ እንይዝላታለን አለ። ከልብስ መደብሩ መስኮት ፊት ቆሞ፣ ኮት የለበሰውን አሻንጉሊት ሰው መስሏት እጅ ስትነሣው ታየኝ አለ። ኬክ ቤት የምትቀመጥበትን ወንበር መረጠላት፤ ከበሩ ራቅ ያለ፣ መኪናው የማይታይበት። ሚልፎኒው ስኳሩ ቀሚሷ ላይ ሲበተንባት እየታየው ብቻውን ይስቃል። ሲኒማው ብቻ አከራከረው። ሰው ከፈረስ ሲወድቅ ብታይ ጮኻ ታስወጣናለች አለና ተወው። አምስት ኪሎ ድረስ ሄደን ተመለስን፤ በየመንገዱ የሚያሳያት ነገር አያጣም። ልንገረው ብዬ ሦስት ጊዜ ያህል አፌን ከፈትኩ። አንዴ ውሃ ጠማኝ አልኩ፣ አንዴ ጫማዬ ላጠኝ አልኩ፣ አንዴ ደግሞ ምንም ሳልል ዘጋሁት።

ከአርመኑ ፎቶ ቤት ፊት ስንደርስ እንግባ አለኝ። ነገ ከእናቱ ጋር ሊነሣ ፈልጓል፤ ግን ፎቶ አንሺው ሥራውን ማወቁን መጀመሪያ ራሱ ተነሥቶ ማረጋገጥ አለበት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አርመኑ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ እንዳትንቀሳቀስ ሲለው አንገቱን ቀና አድርጎ ፈገግ አለ። የግድግዳው ሰዓት ከራሱ በላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሲጨርስ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰው ቦታ እንዲይዝለት ነገረው፤ ሴትዮዋ መብራት ስለምትፈራ እንዳታስደነግጣት አለው። አርመኑም እሺ አለ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር።

ማምሻውን አንድ መልእክተኛ ከአጎትየው ቤት መጥቶ፣ ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንድንመጣ ነገረኝና ሄደ። ለጓደኛዬ ነገርኩት።

«በማለዳ?» አለኝ።

በአገራችን በማለዳ ና መባል ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ በአንዴ አልጠፋም፤ ባለቤቱን እንዳጣ ዕቃ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀልድ አልተናገረም። እኔንም ምንም አልጠየቀኝም።

ሰኞ ማለዳ ግን ክራቫቱን አሰረ። ሁለት ጊዜ ተበላሽቶበት ሁለት ጊዜ ፈታው። ወደ ድልድዩ ስንወርድ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፤ የጫማችን ድምፅ ብቻ ይሰማል። የአጎቱ ግቢ በር ሲታየን ቆመና ወደ እኔ ዞረ።

«ትመጣለች ያልከኝ እውነትህን ነው?»

ከበሩ ሃያ እርምጃ አንርቅም። ከውስጥ የታፈነ ሳል ይሰማል፤ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ዝም ሲል የሚሰማው ዓይነት። በዚያች ሰዓት እንኳን፣ ጓደኛው ሆኜ፣ ከእኔ አፍ ቢሰማ ምን ነበረበት?

«እውነቴን ነው» አልኩት።

በሩ ተከፈተ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የነፍስ አባቱ ተነሥተው ወደ እሱ መጡ። ከወገቡ እንዲይዙት ከታዘዙት ጎበዞች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ያዝኩት። ሁላችንም ራሱን መሬት ላይ ይፈጠፍጣል ብለን ተዘጋጅተን ነበር። እሱ ግን አልታገለም። ቃሉ ተነግሮት ሴቶቹ ሲጮኹ ባለበት ቆሞ፣ ወገቡ ላይ የተቆላለፈውን እጄን ቁልቁል ያይ ነበር።

ሦስት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ሲቀመጥ፣ በስንት ሰዓት እንደተቀበሩ ጠየቀኝ። በስድስት አልኩት።

«ፎቶ ቤት ነበርን» አለ።

ደብረ ብርሃን ተመለስን። ቤት አልተለያየንም፤ አልተኳረፍንም። በስሜ ይጠራኝ ጀመር። በጣም ጨዋ ሆነብኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲመጣ እሱ የተማሪ ደብተር ያርማል፣ እኔም አርማለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ስንት ማታ ተዘጋጅቻለሁ፤ ነገር ግን አገር ያደረገውን ነው ያደረግኸው ቢለኝ መልስ የለኝም። እሱም ይህንኑ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ነው፤ የአራተኛ ክፍል ልጆች እያስተማርኩ ሳለ ጓደኛዬ በሩን ሳያንኳኳ ከፍቶ ገባ። በአራት ሰዓት ግድም ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች።

«አባትህ ዛሬ ማለዳ አርፈዋል» አለኝ። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የአንኮበር ጭነት መኪና በር ላይ አስቁሜልሃለሁ። ትደርሳለህ።»

ወገቤን የያዘኝ አልነበረም። ጠረጴዛውን ያዝኩ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል፤ እሱ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል፣ አልተጠጋኝም። በኋላ እንደሰማሁት ስልኩ የመጣው ለዳይሬክተሩ ነው። መምህራኑ ተሰብስበው በማግስቱ ማለዳ በወጉ እንዲነገረኝ ተስማምተው፣ እሱ ከስብሰባው ወጥቶ ነው የመጣው። መኪናው ላይ ሆኜ እስከ አባቴ አገር እስከ አንኮበር ድረስ ረገምኩት። እንዲህ ይደረጋል? ሰው ለሰው እንዲህ ይናገራል? እያልኩ ጮኽኩ፤ ሹፌሩ ማጽናናት ሲያቅተው መኪናውን ብቻ ነዳ።

ግን ደረስኩ። ፊታቸው ሳይሸፈን አየሁት። አፈሩን በእጄ አለበስኳቸው። ከአባቴ ሞት የቀረችኝ አንዲት መጽናኛ እሷ ናት፤ ዛሬም ድረስ በእሷ ነው የምኖረው።

በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩና የከተማው ሽማግሌዎች ለለቅሶ መጡ። ጓደኛዬም አብሯቸው መጥቶ ከድንኳኑ በር ላይ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ይህን ልጅ በጠራራ ፀሐይ፣ በሕፃናት ፊት፣ ደጋፊ ሳይኖረው ያረዳው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ዳይሬክተሩ በአገጫቸው አመለከቱት። ጨካኝ ተባለ። አሳዳጊ የበደለው ተባለ፤ የእናቱን ሞት በክብር ተረድቶ ለሰው እንዲህ ማድረጉ ይበልጥ አስቆጣቸው። እሱ ለእነሱ አልመለሰም። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ጠበቀኝም። ትክክል አደረገ፣ እኔ ደርሻለሁ፣ ብል ያበቃ ነበር። ሽማግሌዎቹን አየኋቸው፤ አጎቶቼን አየኋቸው። ከዚያ አንገቴን ደፋሁ።